ሕዝብ የሚያዋጣላቸው ጌሞች፦ የግራፊክስ ምርጫና የዓመታት መዘግየት

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲሄዱ፣ ወሎ ሰፈር ላይ ወደ ጎተራ የሚያስታጥፍ መንገድ አለ። ከዋናው አስፋልት ገባ ባሉት የሰፈሩ መንገዶች፣ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ማግኘት አይቸግርም። እዚያ የሚገባ ልጅ ሲከፍል ጌሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ተከፍቶ ያየዋል፤ የከፈለበትን ያውቃል፣ ወዲያውም ይጫወታል። ከ2012 ወዲህ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌላ ዓይነት አከፋፈል በዓለም ተስፋፍቷል። ተጫዋቹ ገና ላልተሠራ ጌም መዋጮ ይከፍላል፣ ሠሪውም ያንን ይዞ ሥራ ይጀምራል። ክራውድፈንዲንግ የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ መንገድ ድንቅ ጌሞች ተወልደዋል፤ አሥር ዓመት ተጠብቀው ያልመጡም አሉ። የመዘግየቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም ታሪካቸውን በቅርብ ለተከታተለ ሰው የግራፊክስ ቴክኖሎጂ ምርጫ ደጋግሞ ብቅ ይላል። እኛም አገር ጌም መሥራት የጀመሩ ወጣቶች ስላሉ፣ ይህን ታሪክ የማንንም ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ዘመኑን የከፈተው ደብል ፋይን የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ነው። በ2012 መጀመሪያ ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ 400 ሺህ ዶላር ጠይቆ 3.3 ሚሊዮን አገኘ። በዚያው ዓመት ይደርሳል የተባለው ብሮክን ኤጅ ግማሹ በ2014፣ ቀሪው በ2015 ወጣ። ገንዘቡ ስምንት እጥፍ ሲሆን የጌሙም ስፋት አብሮ አደገ፤ ቀኑ ግን የተቆረጠው በትንሹ ጌም ልክ ነበር።

በዚያው በ2012 መገባደጃ የጌም ሠሪው ክሪስ ሮበርትስ ስታር ሲትዝን የተባለውን የጠፈር ጌም አስተዋወቀ። ዘመቻው ሲዘጋ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተዋጥቶ ነበር፤ ጌሙም በ2014 ይደርሳል ተባለ። ሮበርትስ የመረጠው የጀርመኑ ክራይቴክ የሠራውን ክራይኤንጂን የተባለ ኤንጂን፣ ማለትም ጌም የሚገነባበትን መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ለዓይን ምርጫው ትክክል ነበር፤ በዚያን ጊዜ እሱን የሚስተካከል ምስል የሚያወጣ ኤንጂን ጥቂት ነበር። ነገር ግን ኤንጂኑ የተሠራው በጥቂት ኪሎ ሜትር ሜዳ ውስጥ ለሚካሄድ የተኩስ ጌም ነበር። ስታር ሲትዝን ደግሞ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት መብረር ይፈልጋል። ኮምፒውተር የአንድን ነገር ቦታ በ32 ቢት ቁጥር ሲመዘግብ በትክክል የሚይዘው ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ነው። መንኮራኩሯ ከመነሻዋ እጅግ ስትርቅ ቁጥሩ ይሸራረፋል፣ ምስሏም ስክሪኑ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የኤንጂኑን ስሌት ከሥር ወደ 64 ቢት መለወጥ ነበረባቸው። በ2016 መጨረሻ ከክራይኤንጂን ወደተወለደው የአማዞን ላምበርያርድ መዞራቸውን አስታወቁ። በቀጣዩ ዓመት ክራይቴክ ከሰሳቸው፤ ክሱ በስምምነት የተዘጋው በ2020 ነው። በ2017 ደግሞ ጌሙን ከዳይሬክትኤክስ አላቀው ወደ ቨልካን እንደሚያዞሩ ተናገሩ፤ ቨልካን ለሙከራ ተጫዋቹ እጅ የገባው በ2024 ነው። መዋጮው በ2022 ከ500 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ስኳድሮን 42 የተባለው ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል፣ በ2024 በተሰጠው መግለጫ መሠረት፣ ለ2026 ተቀጥሯል።

ይህን ሁሉ ማጭበርበር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ያልተጠናቀቀው ስታር ሲትዝን ዛሬም ተከፍቶ ይጫወቱታል፤ የሚሠሩበት ሰዎችም በመቶዎች ይቆጠራሉ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ገንዘቡ ስለማይቋረጥ፣ አንድ አበዳሪ ወይም አሳታሚ የሚላትን «በቃ፣ ባለው ጨርሱ» የምትል ቃል የሚናገር አልተገኘም።

ዳይሬክትኤክስና ቨልካን ምን እንደሆኑ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ጌም በቀጥታ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አይነጋገርም፤ በመካከል ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ሥርዓት አለ። ዳይሬክትኤክስ የማይክሮሶፍት ነው፤ ኦፕንጂኤል ለብዙ ዓመታት በሌሎች ብዙ መሣሪያዎች ላይም ያገለገለ ነው። በ2016 የወጣው ቨልካን አሮጌዎቹ ራሳቸው ይሠሩት የነበረውን የማስታወሻ ድልድልና የሥራ ቅደም ተከተል ለፕሮግራመሩ አስረክቧል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሥራውን ተከፋፍሎ ለካርዱ ማቅረብ ይችላል። ዋጋው ደግሞ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ በጥቂት መስመር የሚያልቀው ኮድ በብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ ስህተቱም ለማግኘት ይከብዳል። ኤንጂን ሲለወጥ ጣጣው ይብሳል። ብርሃኑ፣ ቆዳና ድንጋይ እንዲመስል የተጻፈው ሼደር፣ የሰዓሊዎቹ መሣሪያ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ እንደገና ይሠራል። ጣሪያ የለበሰን ቤት መሠረት እንደ መለወጥ ነው። ይህ ሲሆን ዓመታት ያልፋሉ፤ በ2018 ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል መሥራት) የሚችሉ ካርዶች ይመጣሉ፣ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5፣ በ2022 አንሪል ኤንጂን 5። ያኔ ያማረው ምስል ያረጃል፤ «እናድሰው» ይባላል፤ ማደሱ ሌላ መዘግየት ይወልዳል።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው በሲስተም ሾክ ላይ ነው። ናይትዳይቭ የተባለው ስቱዲዮ የ1994ቱን ጌም አድሶ ለመሥራት በ2016 ወደ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ተዋጣለት። ለሕዝብ ያሳየው ማሳያ ዩኒቲ በተባለው ኤንጂን የተሠራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተሻለ ምስል ፍለጋ ወደ አንሪል ኤንጂን 4 ዞረ። ከምስሉ ጋር ምኞቱም ዞረ፤ አሮጌውን ጌም ማደሱ ቀርቶ አዲስ ጌም ወደ መሥራት ተሸጋገሩ። በ2018 መጀመሪያ የስቱዲዮው ኃላፊ ስቲቨን ኪክ ከመነሻው መራቃቸውን በግልጽ አምነው ሥራውን ለጊዜው አቆሙ። ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ተመልሰው ሠሩ፤ ጌሙ በሜይ 2023 ወጣ፣ በተቺዎችም ተወደደ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማደንቀው ማቆማቸውን ነው። ከሕዝብ ገንዘብ ወስዶ «ስተናል» ማለት ቀላል አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሸንሙ 3 በ2015 6.3 ሚሊዮን ዶላር ተዋጥቶለት፣ ለ2017 መጨረሻ ቃል ተገብቶ፣ በ2019 ኖቬምበር ወጣ። ብለድስቴይንድም እንዲሁ ለ2017 ተቀጥሮ በ2019 ደረሰ፤ ምስሉ ደካማ ነው የሚል ወቀሳ ስለበዛበት መልኩን ማሻሻል ነበረበት። ካሜሎት አንቼይንድ ደግሞ በ2013 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ የራሱን ኤንጂን ከዜሮ ለመሥራት ተነሣ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም አልተጠናቀቀም።

በአንጻሩ የአፍሪካን ሠሪ የሚያበረታው የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ነው። ኦሊቪዬ ማዲባና ባልደረቦቹ ያውንዴ ላይ ስቱዲዮ ከፍተው ኦሪዮን የተባለ በአፍሪካ ተረትና ታሪክ ላይ የቆመ ጌም ሠሩ። በ2015 ኪክስታርተር ላይ ከ40 ሺህ ዩሮ በላይ አገኙ፤ ጌሙ በኤፕሪል 2016 ለገበያ ቀረበ። ባለ ሁለት አውታር ሥዕል መርጠው ነበር፤ ኃይለኛ ካርድ አይፈልግም፣ ሰዓሊው በሳለው መልክ ይቀራል፣ ቴክኖሎጂ ሲቀየር አያረጅም። የአውስትራሊያው ሆሎው ናይትም በ2014 መጨረሻ 57 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ብቻ ተዋጥቶለት በ2017 መጀመሪያ ወጣ፤ በእጅ የተሳለው ምስሉ ዛሬም ያምራል።

የእኛ ወጣቶች የሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ራሳቸው የመዋጮ ፍሬ ናቸው። ብሌንደር የተባለው የሦስት አውታር መሥሪያ ባለቤቱ ኩባንያ ሲዘጋ፣ ተጠቃሚዎቹ በ2002 በሰባት ሳምንት ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ አዋጥተው ኮዱን ገዙት፤ ለዓለም ሁሉ ነፃ ሆነ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስላሽ ላፕቶፕ አኒሜሽን የሚማር ልጅ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራው በዚያ ዘመቻ ምክንያት ነው። ጎዶት የተባለው ነፃ የጌም ኤንጂንም በልገሳ ይኖራል። ወደ ቨልካን የማዞሩ ሥራ በ2019 ተጀምሮ ጎዶት 4 የወጣው በ2023 ነው፤ እሱም ዘግይቷል። ሠሪዎቹ ግን ቨልካን የማይችሉ አሮጌ መሣሪያዎች እንዳይቀሩ በኦፕንጂኤል የሚሠራ አማራጭ መልሰው ጨመሩ። ይህ ውሳኔ ለእኛ ዓይነት ገበያ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ ዩኒቲ በ2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ ሠሪዎችን አስደንግጦ፣ ሐሳቡን በቀጣዩ ዓመት እንደሰረዘም መዘንጋት የለበትም።

አገር ቤት ስንመጣ፣ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ስሙ ቀድሞ ይነሣል። ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ኩኩሉን እና ገበጣን ለስልክ ሠርቷል። በ2022 ደግሞ ኪሮኦን ጨምሮ ከሌሎች የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ጋር የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ መሥራች ሆኗል። ምርጫው ስልክ መሆኑ ብልህነት ነው፤ ጌሙ የሚሄደው ሰዉ በያዘው መሣሪያ ላይ ነው፣ ሰዉ የያዘው ደግሞ ውድ ያልሆነ አንድሮይድ ነው። መዋጮን በተመለከተ የቅርቡ ምሳሌ ከጌም ሳይሆን ከኮሚክስ ይመጣል። ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ ጀምበር ከተባለው ኮሚክ ቀጥሎ ያወጣትን ሐዊን ኪክስታርተር ላይ ከአንባቢ ባገኘው ገንዘብ አሳትሟል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሠሪ ግን ይህን በር በቀጥታ መክፈት አይችልም፤ ኪክስታርተር ዘመቻ እንዲከፍቱ በፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። ውጭ የሚኖር ዘመድ ወይም ሸሪክ ያስፈልጋል።

ሌላም ጫና አለ። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተተወ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ተወደደ፤ በብር ያጠራቀመ ሠሪ የግራፊክስ ካርድ ዋጋ በዚያው ልክ ሸሸበት። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ያለ ወጣት ብዙ ጊጋባይት የሚያወርድ ኤንጂን ቢመርጥ ሥራው ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ትንሽ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና በአሮጌ ማሽን የሚከፈት መሣሪያ መምረጥ የመጨረስ ጉዳይ ነው።

አዋጥቶ መጠበቅን እኛ እናውቀዋለን። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ በ2011 ተጀምሮ፣ ሕዝቡ ቦንድ እየገዛ፣ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ። በመካከሉ ሜቴክ ከተባለው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ጋር የነበረው ውል በ2018 ተቋርጧል፣ ታቅደው የነበሩት 16 ተርባይኖችም ወደ 13 ወርደዋል። ሕዝቡ የታገሠው ኮንክሪቱ ከፍ ሲል በየጊዜው ስላየ ይመስለኛል። ጌም የሚጠብቅ አዋጪም ማየት ይፈልጋል፤ የሚያየው ግን ያማረ ቪዲዮ ሳይሆን ራሱ የሚጫወተው ነገር መሆን አለበት።

ስለዚህ ወሎ ሰፈርም ሆነ ደሴ ተቀምጣችሁ ጌም ለመሥራት ያሰባችሁ ልጆች፣ መዋጮ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ደረጃ ጨርሱና ሰፈራችሁ ባለ ርካሽ ስልክ ላይ አስጫውቱ። ኤንጂናችሁን ያኔ ቁረጡ፣ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ሆናችሁ የምታዋጡ ወገኖችም ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በምን ኤንጂን ነው የሚሠራው? በየትኛው ስልክ ላይ ይከፈታል? ዛሬ ልጫወተው የምችለው የትኛው ክፍል ነው? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ፣ መልሱ እስኪመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።