ያልተገለጸ ጥቅምና የሳይንስ ሊቃውንት

ሁለት ባላጋራዎች ሽማግሌ ሲመርጡ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ የአንደኛው ወገን አማች ወይም ባለዕዳ መሆናቸው ቢታወቅ፣ ሌላው ወገን «ይነሡልኝ» ይላል። ሽማግሌው ሐቀኛ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዝምድናው ከተደበቀ ግን ያ ሰው ቃላቸውን በምን መዝኖ እንደሚቀበል አያውቅም። ስለ ምግብ ወይም ስለ መድኃኒት በሕዝብ ፊት አስተያየት የሚሰጥ የሳይንስ ሊቅም እንዲሁ ነው። ከሚናገርበት ጉዳይ ገንዘብ እያገኘ ይህንኑ ሳይገልጽ ቢቀር፣ ነገሩ «ያልተገለጸ የጥቅም ግጭት» ይባላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ የተፈጸመው የስኳር ጉዳይ ነው። (በዚህ ምንባብ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ የልብ በሽታ በዚያ አገር ብዙ ሰው ይገድል ስለ ነበር፣ መንስኤው የትኛው ምግብ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከሩ ነበር። ብዙዎቹ የእንስሳት ስብን ሲወቅሱ፣ እንግሊዛዊው ጆን ዩድኪን ግን ጥፋቱን በስኳር ላይ አሳረፈ። በዚህ ጊዜ የስኳር አምራቾች የምርምር ድርጅት ለሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ሊቃውንት 6,500 ዶላር ከፍሎ፣ እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች የሚመዝን ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ አደረገ። የድርጅቱ የምርምር ኃላፊ የሚመረመሩትን ጥናቶች ከመላኩም በላይ ረቂቁን ሳይታተም አነበበ፤ የፈለግነው ይኸው ነው ሲልም ጻፈላቸው።

ጽሑፉ በ1967 በታዋቂው የሕክምና መጽሔት፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ስኳርን የሚከሱ ጥናቶች ጉድለታቸው አንድ በአንድ ሲዘረዘር፣ ስብን በሚከሱት ላይ ትችቱ የላላ ነበር። ስውር ጥቅም ጉዳት ለማድረስ የግድ ሐሰተኛ ቁጥር አያስፈልገውም፤ አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ መመርመር ይበቃዋል። ሌሎች ገንዘብ የሰጡ ወገኖች በጽሑፉ ተጠቅሰው ስለ ነበር፣ አንባቢው ሁሉም የተነገረው ሊመስለው ይችል ነበር። የስኳሩ ድርጅት ስም ግን አልነበረም። ከጸሐፊዎቹም አንዱ ማርክ ሄግስቴድ፣ ኋላ የአሜሪካ መንግሥት ስለ አመጋገብ ለሕዝቡ የሚሰጠውን መመሪያ በማዘጋጀት ተካፍሏል።

ነገሩ ተሰውሮ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆየ። ክሪስቲን ኪርንስ የተባለች የጥርስ ሐኪም በመዛግብት ውስጥ የተቀመጡትን ደብዳቤዎች አግኝታ፣ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2016 ይፋ አደረገች። መጽሔቱ ጸሐፊዎች የገንዘብ ጥቅማቸውን እንዲገልጹ መጠየቅ የጀመረው በ1984 ስለ ነበር፣ ሊቃውንቱ በጊዜው የጣሱት የመጽሔቱ ደንብ አልነበረም። በ2018 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በዚያ ዘመን ከኢንዱስትሪ ገንዘብ መቀበል የተለመደ እንደ ነበርና የስኳር ገንዘብ ያልነካቸው ብዙ ሊቃውንትም ስብን ይወቅሱ እንደ ነበር ጻፉ። ይህ ተገቢ ማሳሰቢያ ነው፤ የእንስሳት ስብን ማብዛት ለልብ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ዛሬም ያስተምራሉ። ነገር ግን የ1967 አንባቢ ገንዘቡን ቢያውቅ ኖሮ ጽሑፉን በሌላ ዓይን ሊመረምረው ይችል ነበር። ጸሐፊዎቹም ደብዳቤዎቹ ይፋ ሲወጡ በሕይወት ስላልነበሩ ቃላቸውን ሊሰጡ አልቻሉም።