ዕቃው መንገድ ላይ ሲቀር ማን ይከፍላል?

ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር ዕቃ መላክ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ደላላውን ነው። ሹፌሩን የሚያየው ጭነቱ ሊጫን ሲል ሲሆን የመኪናውን ባለቤት ምናልባት ጨርሶ ላያየው ይችላል። ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ከጫኝና አውራጆች ጋር ተስማምቶ፣ ሸራው ሲታሰር ቆሞ አይቶ «በሰላም ግቡ» ብሎ ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዘው ንብረቱ በእጁ የሚቀረው ነገር ቢኖር የስልክ ቁጥር ነው። ስልኩ የተዘጋ ዕለት ምን እንደሚከተል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከደረሰብን በኋላ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉ መኪና የሚይዝ ሰው በመኪና፣ ጥቂት ዕቃ ያለው ደግሞ በኩንታል ወይም በቁጥር ይከፍላል። ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ገደማ ሲጭን፣ ትንሹ አይሱዙ 50 ኩንታል እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው አይሱዙን ነው። ዋጋውን ከርቀቱ ይልቅ የሚወስነው መኪናው ሲመለስ የሚጭነው ማግኘት አለማግኘቱ ነው። ተመላሽ ጭነት የሌለው ባለመኪና የሁለቱንም መንገድ ናፍጣ ከአንድ ሰው ይቀበላል። ከጎጃም እህል ጭኖ የመጣ መኪና ግን ባዶውን ከሚመለስ በቅናሽ ቢጭን ይመርጣል።

ችግሩ እንዲህ ያለው መኪና በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ እንጂ ሐዋሳ አለመሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ «በቀጥታ ባሕር ዳር» ተብሎ የተጫነ ዕቃ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ይራገፍና ወደ ሌላ መኪና ይዛወራል። መንገዱን እናስታውስ። ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በባቱና በመቂ አድርጎ ሞጆ፤ ከዚያ በቢሾፍቱ በኩል ቃሊቲ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከባድ የጭነት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በተወሰነለት ሰዓት በመሆኑ ቀን የደረሰው ሌሊቱን ይጠብቃል። ቀጥሎ በሱሉልታና በፍቼ ጎሐ ጽዮን ይደረስና በዓባይ በረሃ ቁልቁል ተወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን ላይ ይወጣል። ከደጀን በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ዕቃው በሁለት መኪና፣ በሁለት ሹፌርና በሁለት ደላላ እጅ አልፏል ማለት ነው። ላኪው የሚያውቀው ግን የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህር ዘመዴ በዝውውር ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ የቤት ዕቃውን በዚህ መንገድ ላከ። ዕቃው በሦስት ቀን ይደርሳል ተብሎ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሶፋው ዝናብ ጠጥቶ ነበር፤ የማቀዝቀዣው በር ተጣሟል፤ ሁለት ካርቶን መጽሐፍም የለም። ያደረሰው ሹፌር «እኔ አዲስ አበባ ላይ የተረከብሁት ይህንኑ ነው» አለ። ዘመዴ ሰነድ ብሎ ያመጣልኝ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሲሆን «42 ዕቃ ተረክቤያለሁ» ይልና ይፈረምበታል። የፈረመው ማን እንደሆነ፣ የመኪናው ሰሌዳ ስንት እንደሆነ፣ 42ቱ ዕቃ ምን ምን እንደሆኑ አይናገርም። እኔም የሕግ ባለሙያ ተብዬ ከወረቀቱ ላይ የሚከሰስ ሰው ስፈልግ ዋልሁ።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ማጓጓዝ በቂ ተናግሯል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በየብስ ዕቃ ስለማጓጓዝ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 547/1999 ወጥቷል። የሕጉ መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት ጀምሮ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው መጥፋት፣ መበላሸትና መዘግየት ኃላፊ ነው። ላኪው «ሹፌሩ አጥፍቷል» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ዕቃው ደህና ሆኖ ተሰጥቶ ተጎድቶ መድረሱን ካሳየ፣ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገኝ ምክንያት አለ ብሎ ማስረዳት የአጓጓዡ ሸክም ይሆናል። እነዚህም ምክንያቶች የላኪው ጥፋት፣ የዕቃው የራሱ ባሕርይና ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ናቸው። አጓጓዡ ዕቃውን በሌላ ሰው መኪና ቢያስጭነውም ለላኪው የገባው ቃል አብሮ አይራገፍም።

እዚህ ላይ ደላላውን ከአጓጓዡ መለየት ያስፈልጋል። ሁለት ወገኖችን አገናኝቶ ኮሚሽኑን የሚቀበል ሰው በደላላነቱ ብቻ ለዕቃው ኃላፊ አይሆንም። በራሱ ስም «ባሕር ዳር አደርሳለሁ» ብሎ ተዋውሎ ሙሉውን ኪራይ የተቀበለ ሰው ግን ደላላ ነኝ ቢል የሚሰማው ዳኛ የሚያገኝ አይመስለኝም። ክርክሩ የሚወሰነው እንግዲህ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ደግሞ በምስክር። ምስክሮቹ የዕለቱ ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ እነርሱም በዚያ ቀን የስንቱን ሰው ቤት እንደጫኑ አስቡት።

ከሁሉ የሚያከራክረው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ነገር እንዲሆንና ግዴታውን ከመፈጸም ፍጹም የሚያግደው እንዲሆን። ቁጥር 1793 ለምሳሌ ያልታሰበ የሦስተኛ ወገን ድርጊትን፣ የመንግሥት ክልከላን፣ የተፈጥሮ መቅሠፍትንና ጦርነትን ይጠቅሳል። ቁጥር 1794 በአንጻሩ ምክንያት የማይሆኑትን ሲዘረዝር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን፣ እንዲሁም ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱን ያነሣል። «ናፍጣ ተወዷልና ጭማሪ ካልከፈላችሁ አዲስ አበባ አራግፌዋለሁ» የሚለው ስልክ በዚህ ሚዛን ሲታይ ውኃ አያነሣም።

መንገድ ሲዘጋስ? በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ተባብሶ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ መንገድ በተለያየ ጊዜ ተዘግቷል። ከዓባይ ወዲህም ሆነ ወዲያ ሹፌሮች ታግተው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በ2015 ክረምት መንገድ የተዘጋበት ሹፌር ማንም ያላሰበው ነገር እንደገጠመው ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም ነበር። ዛሬ የሚዋዋለው ግን መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል እያወቀ ነው፤ ላኪውም እንደዚሁ። በሕጉ ፊደል ከሄድን «አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል» የሚለው ቃል ለዚህ ሁኔታ መጥበቡ አይቀርም። እኔ ግን ለአንድ ሶፋ ሲባል ነፍሱን አስይዞ እንዲነዳ ሹፌርን የሚያስገድድ ትርጓሜ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። መንገዱ ተዘግቶ የመጣ መዘግየት ለሹፌሩ ሊታለፍለት ይገባል። በቆመበት ቦታ ሸራውን ሳያጠብቅ ቀርቶ ዝናብ ቢገባ ግን ዝናቡን ያስገባው የመንገዱ መዘጋት አይደለም። ሁለቱን ጉዳዮች ደባልቆ «መንገድ ተዘግቶ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ሆኗል።

የሲዳማን አቮካዶ ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መበስበስ የፍሬው ባሕርይ ነው፤ አጓጓዡም በዚህ ነጻ ልውጣ ይላል። ፍሬው ግን የበሰበሰው አጓጓዡ ሌላ ጭነት ሲጠብቅ አዲስ አበባ አራት ቀን ስላቆመው ከሆነ መልሱ ሌላ ነው። ስለዚህ የሚነሣበትና የሚደርስበት ቀን በውሉ መጻፍ አለበት።

ዋጋ መጻፍም እንዲሁ። በዓለም ላይ የማጓጓዝ ሕጎች ካሳን በክብደት የመገደብ ልማድ አላቸው፤ አጓጓዡ በካርቶኑ ውስጥ ወርቅ ይኑር ድንች አያውቅምና። በ1956 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተፈረመው የአውሮፓ የመንገድ ማጓጓዣ ስምምነት፣ በኋላ እንደተሻሻለው፣ ጣሪያውን በኪሎ 8.33 ኤስዲአር አድርጎታል፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። በዚህ ስሌት 40 ኪሎ የሚመዝን ማቀዝቀዣ ቢጠፋ ካሳው ከ333 ኤስዲአር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ኮምፒውተር ደግሞ 17 እንኳ አይሞላም። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ላኪ ዋጋውን በሰነዱ ላይ ያስመዘግባል፣ ለዚያም ጨምሮ ይከፍላል። ጣሪያ የማኖሩ ሐሳብ በእኛም ሕግ የታወቀ በመሆኑ ውድ ዕቃን በዝምታ መጫን አያዋጣም።

«መኪናው እኮ ኢንሹራንስ አለው» የሚሉ አሉ። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የቆመ ነው፤ ለጫነው ዕቃ አይደለም። ለጭነቱ የሚገባው የዕቃ ጉዞ መድን ለብቻው የሚገዛ ሲሆን ባለመኪናው ይኑረው አይኑረው ላኪው ፖሊሲውን አሳየኝ ብሎ ማረጋገጥ አለበት።

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? የባለቤቱ ስም ከሊብሬው ላይ፣ የሹፌሩ ስም ከመንጃ ፈቃዱ ላይ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ። የዕቃው ዝርዝር ከነይዞታው፤ «ማቀዝቀዣ አንድ፣ ጭረት የሌለው» እስከማለት። ዕቃው አዲስ አበባ ላይ መኪና ይቀይር እንደሆነና ሲቀይር ላኪው ወይም ወኪሉ ይገኝ እንደሆነ። መንገድ ቢዘጋ መኪናው የት ከተማ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚመለስ ወይም እንደሚያራግፍ፣ የቆመበትን ቀን ማን በስንት ብር እንደሚከፍል። ይህን የመጨረሻውን ሹፌሮች ራሳቸው ይወዱታል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ አምስት ቀን የቆመ ሹፌር ከነረዳቱ ምሳና እራቱን ይበላል፣ ይህንንም ዛሬ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ከኪራዩ የተወሰነው ሲደርስ እንዲከፈል ማስቀረትም ከብዙ ክስ ይሻላል። ላኪው ሲዳማ ክልል፣ ተቀባዩ አማራ ክልል፣ ባለመኪናው አዳማ ሲሆኑ ክሱ የት ይቅረብ የሚለው ብቻውን ወራት የሚፈጅ ክርክር ነውና።

ባሕር ዳር ያለው ተቀባይም ሳይፈትሽ «በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ አይፈርም። ሹፌሩ ሊቸኩል ይችላል፤ ጫኝና አውራጆቹም ይጮኻሉ። እየተራገፈ ይቆጠር፤ የጎደለውና የተሰበረው ሹፌሩ እዚያው እያለ በሰነዱ ላይ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ በስልክም ፎቶ ይነሣ። የታሸገ ካርቶን ከሆነና ለመክፈት ጊዜ ከሌለም «ውስጡ አልታየም» የምትለዋን ሁለት ቃል መጻፍ ከደቂቃ በላይ አይወስድም።