ፓሽን ፍሩት በደጃፋችን

ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት ካኩማ ፓሽን ይሆናል ወይ? ከተንከባከብነው ይሆናል። ለቆላ የሚስማማው ቢጫው ዓይነት ነው፤ ሐምራዊው ደጋ ይወዳል። ቢጫው በራሱ ብናኝ እምብዛም ስለማያፈራ ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ችግኞች እንትከል።

ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረን አፈሩን ከበሰበሰ የፍየል በጠጥ ጋር እንቀላቅል። ችግኙ እስኪጠነክር ከቀትር ፀሐይ እንከልለው። አትክልት ያጠብንበትን ውኃ ማታ ማታ እናጠጣው፤ ጨው ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት ግን አይሆንም። ሥሩን በደረቅ ሣር ብንሸፍነው እርጥበቱ ይቆያል። ሐረጉ የሚወጣበት ጠንካራ አጥር ወይም ሽቦ እናዘጋጅለት።

አበባው ቀትር ላይ ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። ንብ ካልመጣ ከአንዱ ሐረግ አበባ ብናኙን በጣታችን ወስደን የሌላውን እንቀባ። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ራሱ ይወድቃል። ልጆች አረንጓዴውን ቀጥፈው እንዳይበሉ እንንገራቸው፤ ጥሬው ይጎዳል።