ያውቁ ኖሯል? ሰባራውን ድልድይ የጠገኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው

በሞጣ በኩል ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው የዓባይ «ሰባራ ድልድይ» ከ60 ዓመት በላይ መሃሉ ተቆርጦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በበጎ ፈቃደኞች እንደተጠገነ ያውቁ ኖሯል? ድልድዩ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የወረስነው የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። ቅስቱን የቆረጡት በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መሻገሪያ ለመዝጋት የተነሡ አርበኞች ናቸውና፣ ስብራቱም እንደ ቅስቶቹ ሁሉ ቅርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክፍተቱን ማለፍ የፈለገ መንገደኛ ገመድ ይታጠቅና ከወዲህም ከወዲያም የቆሙ ጎበዞች ከወንዙ በላይ አየር ላይ እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያዩት አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ፈቃደኞቹም ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ሆነው በክፍተቱ ላይ ብረት ዘረጉ። ጥገናው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳግም ቢፈርስም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው አቅራቢያ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል።