አገር የሚታየው ከየትኛው መንገድ ላይ ነው?

አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ወዳጅዎን “ከዋሽንግተን እስከ አትላንታ በመኪና ስትሄድ ምን አየህ?” ብለው ቢጠይቁት መልሱ አጭር ነው፡፡ አረንጓዴ የአቅጣጫ ምልክት፣ ነዳጅ ማደያ፣ ሀምበርገር ቤት፣ እንደገና አረንጓዴ ምልክት፡፡ አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል፡፡ ቨርጂኒያን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች አቋርጦ ጆርጂያ ገብቷል፡፡ በመንገዱ ካለፋቸው ከተሞች ግን የአንዱን እንኳ መልክ አያስታውስም፡፡ በወዳጅዎ አይፍረዱ፡፡ የሄደበት መንገድ የተሠራው አገር ለማቋረጥ እንጂ አገር ለማየት አይደለም፡፡

ይህ ኢንተርስቴት የሚባለው የመንገድ መረብ የሕግ ልጅ ነው፡፡ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሰኔ 29 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ.፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የፈረሙት አዋጅ 41,000 ማይል፣ ማለትም 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንዲሠራ ፈቀደ፡፡ ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ቀሪውን ግዛቶች እንዲሸፍኑ ደነገገ፡፡ የፌዴራሉ ድርሻ የሚሰበሰበው በዋነኛነት ከነዳጅ ቀረጥ ነበር፡፡ አይዘንሃወር በ1919 ገና ወጣት መኮንን ሳሉ ከዋሽንግተን ሳንፍራንሲስኮ በተጓዘ የጦር ሠራዊት ኮንቮይ ውስጥ ነበሩ፡፡ ጉዞው 62 ቀናት ፈጅቷል፡፡ በጭቃና በተሰበረ ድልድይ የተንገላታ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ምን ዓይነት መንገድ እንደሚመኝ ለመገመት አያዳግትም፡፡

ለሕግ ባለሙያ የዚህ መንገድ ዋናው ባህርይ ስፋቱ ወይም ፍጥነቱ አይደለም፡፡ በተለመደው መንገድ ዳር ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው በሩን ወደ መንገዱ ከፍቶ መግባትና መውጣት ይችላል፡፡ በኢንተርስቴት ላይ ይህ መብት የለም፡፡ መግቢያውም መውጫውም በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፡፡ መስቀለኛ መንገድና የትራፊክ መብራት አያገኙም፡፡ ደህንነቱና ፍጥነቱ የመጣው ከዚህ ነው፡፡ የመንደሩ ሞትም የመጣው ከዚሁ ነው፡፡ መውጫ የደረሳት ከተማ ትከብራለች፣ ያልደረሳት ትረሳለች፡፡

በአሪዞና የምትገኘውን ሰሊግማን የተባለች ትንሽ ከተማ እንመልከት፡፡ ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ አጠገብ እስካለው ባሕር ዳርቻ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውና በ1926 ቁጥር የተሰጠው ሩት 66 በመሀሏ ያልፍ ነበር፡፡ ሞቴሉም፣ ጋራዡም፣ ቡና ቤቱም የሚኖሩት በአላፊ አግዳሚው ነበር፡፡ መስከረም 1978 ኢንተርስቴት 40 ከከተማዋ ገሸሽ ብሎ ሲከፈት መኪናው ወደዚያው ዞረ፡፡ ሩት 66 ራሱም በ1985 ከብሔራዊ መንገዶች ዝርዝር ተሰረዘ፡፡ ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር፡፡ ሆኖም አንኸል ዴልጋዲዮ የተባሉ የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ የአካባቢውን ሰዎች አሰባስበው በ1987 ማኅበር አቋቋሙ፡፡ በዚያው ዓመት የአሪዞና ግዛት አሮጌውን መንገድ ታሪካዊ ብላ ሰየመችው፡፡ ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ጎብኚዎች ፈጣኑን መንገድ ትተው ሆን ብለው ወደዚያች ከተማ ይወጣሉ፡፡

ታዲያ እንዲህ ዓይነቱን መንገድ እንዴት ማግኘት ይቻላል? ቀላል ነው፡፡ አብዛኞቹ ኢንተርስቴቶች ቀደም ሲል የነበረን መንገድ ተከትለው የተሠሩ በመሆናቸው አሮጌው መንገድ ብዙ ጊዜ እዚያው አቅራቢያ አለ፡፡ ከኢንተርስቴት 95 ጎን ዩኤስ 1፣ ከኢንተርስቴት 81 ጎን ዩኤስ 11 ይሄዳሉ፡፡ በሁለቱም ሥርዓት ጎደሎ ቁጥር ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሙሉ ቁጥር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፡፡ ዊሊያም ሊስት ሂት ሙን የተባለው ደራሲ በ1982 ያሳተመውን የጉዞ መጽሐፍ “ሰማያዊ አውራ ጎዳናዎች” ያለው በድሮ ካርታዎች ላይ ዋና መንገዶች በቀይ፣ የውስጥ መንገዶች በሰማያዊ ቀለም ይሰመሩ ስለነበር ነው፡፡ በጂፒኤስ የሚሄድ ሰውም “ኢንተርስቴት አስቀር” የሚለውን ምርጫ ቢነካ ሰማያዊውን መስመር ያገኘዋል፡፡

ከእነዚህ ሌላ ለዕይታ ተብለው ከመነሻው የተሠሩ መንገዶች አሉ፡፡ በዋሽንግተንና አካባቢው ለሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን ቅርቡ ስካይላይን ድራይቭ ነው፡፡ ከከተማው ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ፍሮንት ሮያል ተነስቶ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጫፍ ላይ 169 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፡፡ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ በሸለቆው ውስጥ በኢንተርስቴት 81 አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀው ርቀት በተራራው ላይ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፡፡ በምትኩ መኪና አቁሞ ሸለቆውን ቁልቁል ለማየት የተዘጋጁ 75 ያህል ቦታዎች አሉ፡፡ በጥቅምት ወር ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን መኪናው ተሰልፎ ይታያል፡፡ መንገዱ ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀበለዋል፡፡ ይህኛው በ1935 ተጀምሮ የመጨረሻው ቁራጭ በ1987 የተጠናቀቀ፣ እስከ ሰሜን ካሮላይና 755 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ነው፡፡ የንግድ ተሽከርካሪ እንዳይገባበት ተከልክሏል፡፡ መስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ማዕበል ክፉኛ ስለጎዳው ከመነሳት በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል፡፡

መልክዓ ምድርን ለመጠበቅም ሕግ ያስፈልጋል፡፡ በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በባለቤታቸው በሌዲ በርድ ግፊት ጭምር የፈረሙት ሕግ በአውራ ጎዳና ዳር የሚተከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ገደበ፡፡ ቨርሞንትን የመሰሉ ግዛቶች ከዚያም አልፈው ቢልቦርድን ጨርሶ ከለከሉ፡፡ በ1991 ደግሞ በዕይታቸው፣ በታሪካቸው፣ በባህላቸው ወይም በተፈጥሯቸው የተለዩ መንገዶችን መርጦ የሚሰይም ብሔራዊ ፕሮግራም ተቋቋመ፡፡

እዚህ ላይ ግን ውበቱ ያስከፈለውን ዋጋ መርሳት አይገባም፡፡ የሸናንዶዋ ፓርክ የተከለለው ቨርጂኒያ በ1928 ባወጣችው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ አማካይነት ሲሆን ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከተራራው ወርደዋል፡፡ ካሳ የተከፈለው ለመሬት ባለቤት ነው፤ በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ይኖር የነበረው ባዶ እጁን ሄደ፡፡ ፈጣኑ መንገድም ከዚህ ነጻ አይደለም፡፡ በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ የጥቁሮች መንደር የነበረውን ሮንዶን ኢንተርስቴት 94 ለሁለት ሰንጥቆታል፡፡ የውስጥ መንገድ ናፍቆትም ለሁሉም እኩል አይደለም፡፡ ጥቁር አሜሪካውያን የሚያሳድር ሆቴልና የሚያስተናግድ ምግብ ቤት የቱ እንደሆነ ለማወቅ ከ1936 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል “ግሪን ቡክ” የተሰኘ መመሪያ ይዘው ይጓዙ ነበር፡፡ ለእነርሱ በማያውቁት ትንሽ ከተማ መቆም መዝናኛ አልነበረም፡፡

ለተጓዡም ጥቂት ምክር አለ፡፡ የውስጥ መንገድ ቀስ ያለ ስለሆነ አደጋ የለውም ማለት ስህተት ነው፡፡ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሲሰላ ባለ ሁለት ረድፍ የገጠር መንገድ ከኢንተርስቴት ይበልጥ ሰው ይገድላል፡፡ መለያ አጥር የለውም፣ ከፊት የሚመጣው መኪና በቅርብ ያልፋል፣ ሲመሽ አጋዘን ይዘላል፡፡ ስለዚህ በቀን መንዳት፣ ነዳጅ በግማሽ ላይ ሳለ መሙላት፣ የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል፡፡ ቀጠሮ ላለበት ሰው ደግሞ ኢንተርስቴት መልካም ፈጠራ ነው፡፡ ታማሚ ለመጠየቅ ወይም አውሮፕላን ለመያዝ የሚሄድ ሰው ተራራ ላይ ይውጣ የሚል የለም፡፡ ችግሩ ሳንቸኩልም ፈጣኑን መምረጥ ልማድ ሲሆንብን ነው፡፡

ይህ ወደ ቤታችንም ይመጣል፡፡ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ 85 ኪሎ ሜትር ያህሉን ሳንቆም መሄድ ችለናል፡፡ ጥቅሙን የሚክድ የለም፡፡ አሮጌው መንገድ ግን የዱከም ሥጋ ቤቶች፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ የሞጆ ገበያ ያሉበት ነው፡፡ እኛም ዘንድ መግቢያና መውጫው በተወሰነ ቦታ ነው፡፡ አዲስ የፍጥነት መንገድ በተነደፈ ቁጥር ከክፍያውና ከአስፋልቱ ውፍረት ጋር ሦስት ጥያቄዎች አብረው ሊነሱ ይገባል፡፡ ገሸሽ የምትደረገው ከተማ በምን ትኖራለች? አሮጌውን መንገድ ማን ይጠግነዋል? መሬቱን የሚለቀው ገበሬ፣ ባለይዞታም ሆነ ተከራይ አራሽ፣ ምን ያገኛል?

ሰሊግማን በራሷ ጊዜ አልዳነችም፡፡ ነዋሪዎቿ ተሰባሰቡ፣ ግዛቷ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠች፣ ተጓዡም ግማሽ ቀን ጨምሮ ሊጎበኛት መጣ፡፡ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ በካርታ ላይ የምትፈለግ ስም ብቻ በሆነች ነበር፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማኅበረሰብና የመንግሥት ሥራ ናቸው፡፡ ሦስተኛው ግን መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ሊወስነው የሚችል ነው፡፡