በሽምግልና የማይዘጋ ጉዳይ

ልጁ በመተማ በኩል ወጥቶ ሊቢያ ውስጥ በአጋቾች እጅ የወደቀበት ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ቤዛ ከከፈለ በኋላ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያም ሽማግሌ ይሰየማል፤ ደላላው ከወሰደው ገንዘብ ከፊሉን ይመልሳል፤ ነገሩም በዕርቅ ያልቃል። ሽምግልና የተከበረ ልማዳችን ቢሆንም፣ በዚህ ጉዳይ ግን ደላላው ሌላ ልጅ እንዲያባብል ፋታ ከመስጠት በቀር የሚፈይደው የለም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 909/2007 ተክቶ፣ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለይቶ ይደነግጋል። በሰው መነገድ ማለት ሰውን ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው፤ የግድ ድንበር መሻገርን አይጠይቅም። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ተወስዳ ጉልበቷ የሚበዘበዝ ሕፃንም የዚህ ወንጀል ተጎጂ ናት። የተጎጂው ፈቃድ ለወንጀለኛው መከላከያ ስለማይሆን፣ «ወዳ ነው የሄደችው» የሚለው የመንደር ወሬ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ሥራው ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አልተተወም። ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ለተጎጂዎች ድጋፍ ያመቻቻል፣ የሥራና ክህሎት ዘርፉ ሕጋዊውን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ይከታተላል። ቅንጅቱ ግን የሚፈተነው በወረዳ ነው። ከስደት የተመለሰች እኅት አንዱን መከራ በሦስት ቢሮ እየዞረች እንድትናገር ከተደረገች፣ አራተኛውን በር አታንኳኳም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው የምታምነውን አንድ ሰው፣ ቢቻል ሴት፣ መድቦ አብሯት እንዲሄድ እንመክራለን።

በደብራችሁ ያለው የጥምቀት መዝገብም ቀላል ነገር አይደለም። ደላሎች የ15 ዓመት ልጅ ዕድሜዋ 18 የሞላ አስመስለው መታወቂያ ያወጡላታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ እውነተኛውን ዕድሜ ያስረዳል። ወላጅ ቢለምን፣ ወዳጅ ቢማልድም ዓመተ ምሕረቱን ለውጦ የምስክር ወረቀት መስጠት አይገባም፤ ልመናው እንደሚመጣ ታውቃላችሁና።

ለንስሐ አባት የተነገረው ምስጢር ምስጢር ሆኖ ይኖራል። ካህኑ ግን ተጎጂው ራሱ ለፖሊስ እንዲያመለክት ሊያበረታታው፣ በደጅም ሊጠብቀው ይችላል። ታሪኩን ለትምህርት ብሎ በዐውደ ምሕረት ማንሳት ግን አይገባም፤ ስም ባይጠራም እንኳ በትንሽ ደብር የማን እንደሆነ ምእመናኑ ወዲያው ያውቁታል።