ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ዋሽንግተን ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ለሚኖር የሀገራችን ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከየቤቱ አንድ ሰው «ኖቫ» ተመዝግቦ ያውቃል፤ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ይቀንሳል፣ የማታ ትምህርት አለው፣ ሙሉ ጊዜውን ለተማረ በሁለት ዓመት አሶሺየት ዲግሪ ይሰጣል። ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ያለውን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የተባለ ዘርፍ ነው። ኤሌክትሪክ፣ የማሽን ንድፍ፣ ሃይድሮሊክና የማሽን ቁጥጥር በእጅ እየተሠሩ የሚጠኑበት ትምህርት ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው የፒኤልሲውን ቤተ ሙከራ ነው። ፒኤልሲ የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ኮምፒውተር ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ቀላል ይመስላል፦ አረንጓዴዋ ቁልፍ ሞተሩን ታስነሳ፣ ቀይዋ ታቁም። አረንጓዴዋ ካልተጫኗት ኤሌክትሪክ አታሳልፍም። ቀይዋ ግን ተቃራኒ ናት፤ ሳትነካ ኤሌክትሪክ ያልፍባታል፣ ሲጫኗት ይቋረጣል። ኖርማሊ ክሎዝድ የሚሏት እሷን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነች? ሽቦ ስለሚበጠስ። ማቆሚያዋ እንደ አረንጓዴዋ ብትሠራ ኖሮ፣ ሽቦዋ የተበጠሰ ዕለት ማንም አያውቅም ነበር። የሚታወቀው የአንዱ ሠራተኛ እጅ ማሽን ውስጥ ገብቶ ጓደኛው ቁልፏን ሲደበድብና ሞተሩ አልቆም ሲል ነው። አሁን ግን ሽቦው እንደተበጠሰ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። ሥራ ይስተጓጎል ይሆናል፣ ሰው ግን ይተርፋል።

ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ነው። ይህችው ቀይ ቁልፍ ፕሮግራሙ ላይ የምትጻፈው እንደ አረንጓዴዋ በክፍት ምልክት ነው። ፒኤልሲው የቁልፏን ዓይነት አያውቅም፤ የሚያየው ኤሌክትሪክ መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን ብቻ ነው። ቁልፏ ሳትነካ ኤሌክትሪኩ ስለሚመጣ፣ የክፍቱ ምልክት ሁኔታ ተሟልቶ ሞተሩ ለመነሳት ዝግጁ ይሆናል። በዝግ ምልክት የጻፈ ተማሪ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳለትም። ሌሊት ታክሲ እየነዳ የሚማር አንድ ወንድማችን እዚህች ላይ ተቸግሮ ሲያፈጥ አይቻለሁ። በመጨረሻ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ሞተሩን አስነሳና የመለማመጃ ሰሌዳውን የማቆሚያ ሽቦ ራሱ ነቀለው። ሞተሩ ቆመ። ፊቱ በራ።

ኮረንቲ ያለበት መስመር ላይ ማልቲሜትር የተባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያው) ላይ አድርጎ የሚለካ ተማሪ ግን ያናድደኛል። ንባቡ የማይታመን ይሆናል፣ መሣሪያውም ሊቃጠል ይችላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ መስመሩን አጥፉ!

ወላጆችም አንድ ነገር ይስሙኝ። ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት አይደለም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ኢንጂነር መሆን የሚፈልግ ልጅ የሚመዘገበው ካልኩለስና ከባድ ፊዚክስ ባለበት በኢንጂነሪንግ አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ነው። የቴክኖሎጂው ዲግሪ በቀጥታ ለሥራ ያዘጋጃል። የአሜሪካ የኢንጂነሪንግና የቴክኖሎጂ ትምህርት መዛኙ ኤቤት እንኳ ሁለቱን በተለያዩ ኮሚሽኖች ነው የሚመዝናቸው። ከቴክኖሎጂው መቀጠል ለሚሻ እንደ ኦልድ ዶሚኒየን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው ዘርፍ ባችለር ይሰጣሉ። የፕሮፌሽናል ኢንጂነር ፈቃድ ለማግኘት ግን ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።

የተለያዩ ናቸው ማለት አንዱ ከሌላው ያንሳል ማለት አይደለም። በዓለም ላይ የዳታ ሴንተሮች ክምችት እንደ ሰሜን ቨርጂኒያ የበዛበት ቦታ የለም። እነዚያ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣቸውንና ጄኔሬተራቸውን ሌት ተቀን የሚከታተል፣ ሲበላሽም ምክንያቱን የሚያገኝ ሰው ይፈልጋሉ። ኖቫም ለዚሁ ሥራ የሚያዘጋጅ ትምህርት አለው።

እንግዲህ ጓደኛ ስለተመዘገበ ብቻ አትመዝገቡ። ከኮሌጁ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዙና «ይህ ዲግሪ ወደየትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ስንት ክሬዲት ይዞ ይሻገራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያም ቤተ ሙከራውን አሳዩኝ በሉ።